ያልታጠፈው ፎጣ

"ጋሽ ጠርዝ" የሚለውን ስም ያወጡለት በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረውት የሚሠሩት ልጆች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ ሲያጥፍ ጠርዝ ከጠርዝ ሳይገጥምለት ቀርቶ ስለማያውቅ፣ እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ። ትኩስ አንሶላ ከመተኮሻው ማሽን ሲወጣ አንዱን ጫፍ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን ተራው የደረሰው ይይዛል፤ አራት ጊዜ እጥፍ፣ ሁለት ጊዜ ዳበስ፣ ከዚያ ወደ መደርደሪያ። "ጠርዙ ያልገጠመ አንሶላ ላይ የተኛ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል" ይላል። እውነት ነው ብሎ ያረጋገጠ የለም፤ ውሸት ነው ብሎ የተከራከረም የለም።

ችግሩ፣ ሰውየው ከሥራ ሲወጣ እጆቹ አብረውት አይወጡም። ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ የነርሷን ፎጣ አጥፎ ተገኝቷል። ጎረቤት ገመድ ላይ ያሰጣችው ልብስ ዝናብ ሊመታው ሲል ሮጦ ያነሳላትና፣ ሴትየዋ ከገበያ ስትመለስ በሯ ላይ እንደ መጻሕፍት ተደርድሮ ታገኘዋለች። ደግሞ አንድ የማይጥሰው ሕግ አለው፤ ትንሽ ነገር በትልቅ ነገር ሆድ ውስጥ ይገባል። የእጅ ፎጣው፣ የገላ ልብሱ መቀነት፣ ጥንድ ካልሲው፣ እንዳይጠፋ ተብሎ በትልቁ ፎጣ ሦስተኛ እጥፋት ውስጥ ይከተታል። በዚህ የተነሳ እቤቱ ውስጥ የጠፋ ነገር ሁሉ መልሱ አንድ ነው። የፖስታ ከረጢቱ ቁልፍ የት ሄደ? ሦስተኛው እጥፋት። የፀጉር ማስያዣ? ሦስተኛው እጥፋት። አንድ ጊዜማ ሚስቱ መነጽሯን ሁለት ቀን ስትፈልግ ሰንብታ፣ ገላዋን ታጥባ ፎጣውን ስትዘረጋው ዱብ ብሎ እግሯ ላይ ወደቀ።

ሚስቱ ፖስተኛ ናት። ሃያ ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ አድላለች፤ አሁን አሁን ደብዳቤው እየሳሳ ጥቅሉ እየከበደ ሄደ እንጂ። ከሦስት ዓመት በፊት ጉልበቷን ሲያማት ሐኪሙ "ዋና ዋኚ" አላት፤ ዋኘች፤ ጉልበቷ ሲድን ግን ከውሃው መውጣት እምቢ አለች። "ዋናውን ይኸው ተማርኩ፣ ብስክሌቱ እንጀራዬ ነው፣ ሩጫው ደግሞ ውሻ ሲያባርረኝ የለመድኩት ነው" ብላ ሦስቱንም በአንድ ጠዋት አከታትለው በሚወዳደሩበት ትራያትሎን ላይ ተመዘገበች። ይሄን ስትል አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር።

አምና ግን አልሆነላትም። ደንቡ፣ ውድድሩ ከተጀመረ በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ዋናውን ጨርሶ፣ ልብስና ጫማ ቀይሮ፣ ብስክሌት ይዞ ከመቀየሪያው ስፍራ በር ያልወጣ ሰው ቁጥሩን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሷ ከውሃው በደህና ጊዜ ወጥታ ነበር። ነገር ግን እርጥብ እግሯ ካልሲ አልገባ፣ የሄልሜቱ ማሰሪያ አልገናኝ፣ መነጽሩ አልገኝ ብሏት ስትርበተበት በሩ ላይ ስትደርስ ሰዓቱ በአርባ ሰከንድ አለፈባት። ቤት መጥታ ቁጥሯ ይለጠፍበት የነበረውን ባዶ የላስቲክ ቀበቶዋን ቁም ሳጥኑ በር ላይ ሰቀለች። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከአፏ የወጣው ቃል ቢሰበሰብ አንድ ቴምብር ላይ ይጻፍ ነበር። ጋሽ ጠርዝ ብዙ ነገር ይችላል፤ የዚያችን ሴት ዝምታ ግን አይችልም። ዘንድሮም ያ በር ቢዘጋባት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈለገም።

እሷ ግን ዓመቱን ሙሉ ስትለማመድ ከረመች። በረንዳው ላይ ሳፋ ሙሉ ውሃ ታስቀምጣለች፤ አጠገቡ ፎጣ ትዘረጋለች፤ ፎጣው ላይ ጫማዋን አፉን አስከፍታ፣ ማሰሪያውን አላልታ፣ ውስጡ ፓውደር ነስንሳ፣ ካልሲዋን እስከ ተረከዙ ገልብጣ ታኖራለች፤ ሄልሜቷን ገልብጣ ማሰሪያውን ግራና ቀኝ ታንጠለጥላለች። ከሳፋው ዘልላ ትወጣና ትለብሳለች። ከዚያ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ጋሽ ጠርዝ የጠዋት ተረኛ ነውና ቀትር ላይ ቤት ሲገባ በረንዳው ተበትኖ ይጠብቀዋል። እጆቹ ዝም አይሉም። ማታ ስትመለስ ሁሉም ነገር ታጥፎ፣ ተቆልፎ፣ ተቋጥሮ ታገኘዋለች።

"አንተ ሰውዬ! ዛሬም?"

"ተበትኖ አገኘሁታ።"

"ተበትኖ ሳይሆን ተዘርግቶ ነው! የለመደች ጦጣ ዘወትር ሽምጠጣ።"

ደክሟት ስለምትመጣ እንደገና መዘርጋቱን ትታ በታጠፈው ላይ የማታውን ዙር ትለማመዳለች። እሱ ከኩሽና ሆኖ "ኤጭ!" ስትል ይሰማታል፤ ከዚያ የሳፋው ውሃ ይንቦጫረቃል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ "ኤጭ!"

የውድድሩ ቀን ጎህ ሳይቀድ ሐይቁ ዳር ደረሱ። የመቀየሪያው ስፍራ በብረት አጥር የተከለለ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ብስክሌቶቹ በኮርቻቸው የሚንጠለጠሉባቸው ረጃጅም ብረቶች በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። ጋሽ ጠርዝ የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያ ለብሷል። የደረሰው አንደኛው ረድፍ ነበር፤ አራተኛውን ረድፍ እንዲጠብቅ የተመደበውን ሰው ለምኖ ተቀያየረ። አራተኛው የሚስቱ ረድፍ ነው።

ፖስተኛዋ ብስክሌቷን ሰቀለችና ተንበርክካ መዘርጋት ጀመረች። ቀዩን ፎጣ ከፊት ጎማው ሥር አነጠፈች፤ ቀይ የሆነው ከሩቅ እንዲታያት ነው። ጫማ፤ አፉን ከፈተች። ፓውደር፤ ነሰነሰች። ካልሲ፤ ገለበጠች። ሄልሜቱን መሪው ላይ ደፋች፣ ውስጡ መነጽሯን አደረገች፤ ለሩጫው የምትፈልጋትን የፀሐይ ኮፍያ ፎጣው ጥግ ላይ አኖረች። ቁጥሯ የተለጠፈበትን የላስቲክ ቀበቶ ፎጣው ጫፍ ላይ እንደ እባብ ዘረጋችው። ከዚያ ተነስታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን አየሩ ላይ እያንቀሳቀሰች ሁሉንም በሐሳቧ ለበሰች። ዓይኗን ስትከፍት ባሏ ከፊቷ ቆሞ ካልሲውን እያየ ነው።

"እጅህን ስጠኝ" አለችው።

ሰጣት። ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ ገልብጣ ያዘቻቸውና ጎንበስ ብላ አነጋገረቻቸው። "ስሙ እናንተ ሁለታችሁ። ከሱ ጋር አይደለም የማወራው፤ እሱ ምስኪን ነው፣ የሚያደርገውን አያውቅም። ከናንተ ጋር ነው። ዛሬ አንድ ነገር ብትነኩ፣ እስከ ዕድሜ ልካችሁ ኪስ ውስጥ አስራችኋለሁ።"

"ሰምተዋል" አለ ጋሽ ጠርዝ።

"ይማሉ።"

"እንዴት ይምላል እጅ?"

አጠገቧ ብስክሌቱን የሰቀለ፣ ክንዱ የሰው ጭን የሚያክል ጎልማሳ ሳቁን ለቀቀው። ባለ ልኳንዳ ነው። ለብቻው ሳይሆን በቡድን ነው የሚወዳደረው፤ እህቱ ትዋኛለች፣ እሱ ብስክሌቱን ይነዳል፣ አማቹ ይሮጣል። ስለዚህ እህቱ ከውሃ እስክትወጣ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። "አይዞሽ እቴ፣ እኔ አለሁ፤ እጁን ካነሳ እቆርጠዋለሁ። ሙያዬ ነው" አላት።

ወዲያው ዋና ዳኛዋ በድምፅ ማጉያ ተናገረች። በሥራ ቀን የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ ፊሽካ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ማንም አይንጫጫም። "የተወዳዳሪን ዕቃ ከተወዳዳሪው በቀር ማንም አይነካም! ተወዳዳሪን የረዳ ሰው ካለ፣ የሚቀጣው ተወዳዳሪው ነው፤ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል። ቁጥሩን ወገቡ ላይ ያላሰረ ከበር አይወጣም!"

ሁለት ደቂቃ። ጋሽ ጠርዝ ይሄን ሲሰማ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሚስቱ ቢጫ ቆቧን ጆሮዋ ድረስ ስባ፣ ጉንጩን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ሄደች። ልክ አንድ ሰዓት ላይ ጥሩምባው ተነፋና ውሃው ፈላ።

መጀመሪያ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ግን ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ነፋስ ተነሳ። ውሃው ይሸበሸብ ጀመር፤ አጥሩ ላይ የተሰቀሉት ጨርቆች ተርገበገቡ። ያ ቀይ ፎጣም አንድ ጫፉን አነሳ፤ ጫማውን ገለበጠ፤ ካልሲዎቹን ተሸክሞ ሁለት እርምጃ ተንሸራተተ።

ጋሽ ጠርዝ ግራ ቀኙን አየ። ነፋስ ያነሳውን ዕቃ ወደ ቦታው መመለስ የበጎ ፈቃደኛ ሥራ እንደሆነ ተነግሮታል። ስለዚህ ጎንበስ አለና ፎጣውን ያዘ። እዚህ ድረስ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ቀና ሲል ግን ዓይኑ ሐይቁ ላይ ዐረፈ። ማዕበሉ ከፍ ብሏል። ቢጫ ቆብ ፈለገ። አንድ አየ፤ ሌላ ሰው ነው። ሌላ አየ፤ ጠፋበት። "የት ናት? እሷ ናት ያቺ? አይደለችም። ኧረ ውሃው አያፍናት! እዚያች ትንሽ ጀልባ አጠገብ ያለችው ናት... እ፣ ናት! አዎ ናት፣ ቀኝ እጇን ስታነሳ ጥቅል የምትወረውር ነው የምትመስለው።" ልቡ መለስ አለለት። ዓይኑን ከቢጫዋ ነጥብ ሳይነቅል፣ እጅ በወረወረች ቁጥር አብሮ እየተነፈሰ፣ ትከሻዋን በሐሳቡ እየደገፈ ብዙ ቆየ።

"ጋሼ" አለ ባለ ልኳንዳው፣ ሐዘን ቤት የገባ ሰው በሚናገርበት ድምፅ። "ምን ነካዎት?"

ጋሽ ጠርዝ ወደ ታች አየ።

ቀዩ ፎጣ አራት ጊዜ ታጥፎ፣ ሁለት ጊዜ ተዳብሶ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ እንደ አዲስ ጡብ ተቀምጧል። ጫማዎቹ ከላዩ ላይ አፍንጫቸውን አስተካክለው ቆመዋል፤ ግራና ቀኙ እንዳይለያዩ ማሰሪያቸው እርስ በርሱ ተቋጥሯል። ካልሲዎቹ አንዱ በሌላው ተውጦ ኳስ ሆነዋል። ሄልሜቱ ከመሪው ወርዶ፣ ማሰሪያው ተቆልፎ፣ በስተቀኝ በኩል ተደፍቷል። መነጽሩ ጫማው ውስጥ፣ የፀሐይ ኮፍያዋ ሄልሜቱ ሥር ነው። እንግዳ የሚጠበቅበት የሆቴል ክፍል ይመስላል። አንድ የጎደለው ነገር ቢኖር ትራሱ ላይ የምትቀመጠው ከረሜላ ናት።

እጆቹን አያቸው። እነሱም እሱን የሚያዩት መሰለው።

"ለምን አልቆረጥከኝም?" አለው ባለ ልኳንዳውን።

"እኔም ውሃ ውሃውን ሳይ፣ እህቴን ስፈልግ... ዞር ስል አልቆልዎታል። ጋሼ፣ ልንገርዎት፣ እኔ ሃያ ዓመት ሥጋ ስጠቀልል እንዲህ ያለ ፍጥነት አይቼ አላውቅም።"

ጋሽ ጠርዝ መልሶ ለመፍታት ጎንበስ አለና እጁ መንገድ ላይ ቆመ። አንደኛ፣ የቱ የት እንደነበር አሁን ጠፋው፤ ጫማው ቀኙ ነው ግራው ነው በፊት? ካልሲው እስከየት ነበር የተገለበጠው? ሁለተኛ፣ መንካት ክልክል ነው። አንዴ ነክቷል፤ ደግሞ ሊነካ? ተደብቆ ቢያደርገው ማንም ላያይ ይችላል። ግን ሚስቱ በሩን በስርቆት እንዳለፈች ብትሰማ፣ አምና ከተሰቀለው ቀበቶ ይልቅ የዘንድሮው ይከብዳታል። የቆመበት መሬት ቢከፈት ደስ ባለው።

ሰደርያውን አስተካከለና ዳኛዋ ዘንድ ሄደ።

"እመቤቴ፣ የተወዳዳሪ ዕቃ ነክቻለሁ።"

"የማንን?"

"የሚስቴን።"

ዳኛዋ ፊሽካዋን በጣቷ እያዞረች ተከተለችው። ዕቃው ጋር ስትደርስ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለችና ብዙ ጊዜ ወስዳ መረመረችው። የተቋጠረውን ጫማ አየች። የካልሲውን ኳስ አየች። ከንፈሯ ጫፉ ላይ ተንቀጠቀጠና ወዲያው ተስተካከለ።

"ነፋስ ያነሳውን መመለስ ይፈቀድልዎታል። ይሄን ግን ነፋስ አላጠፈውም።"

"አላጠፈውም። እኔ ነኝ። ዓይኔ እሷ ላይ ነበር፣ እጄ... ልማድ ነው። ልብስ ማጠቢያ ነው የምሠራው። ቅጣቱን እኔ ብቆመውስ? ሁለት ደቂቃ አይደለም፣ ሁለት ቀን ልቁምላት።"

"ሕጉ የሚቀጣው እርዳታን ነው" አለች ዳኛዋ በዝግታ። "አሁን ጥያቄው፣ ይሄ እርዳታ ነው ወይ ነው።"

"ኧረ በፍጹም!" አለ ባለ ልኳንዳው ማንም ሳይጠይቀው። "ይሄ እርዳታ ከሆነማ ጠላት ምን ሊሠራ ነው?"

"እኔም እንደዚያው ነው የማየው። ቅጣት የለም።"

ጋሽ ጠርዝ ሳንባው እስኪያልቅ ተነፈሰ። "እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ አሁን ልፍታው?"

"እንዳይነኩ! አሁን ከፈቱት እርዳታ ነው። ሁለት ደቂቃ።"

"ራሴ ያበላሸሁትን?"

"ራስዎ ያበላሹትን።"

"በአፌ ልንገራትስ?"

"በአፍዎም፣ በእጅዎም፣ በቅንድብዎም እንዳይነግሯት። እዚሁ ቆሜ አይዎታለሁ።" እውነትም በሩ ሥር፣ ትልቁ የሩጫ ሰዓት አጠገብ ሄዳ ቆመች። ከዚያ ቦታ አራተኛው ረድፍ እንደ መዳፍ ይታያል።

ጋሽ ጠርዝ እጆቹን ከጀርባው አስሮ ቆመ። ሰዓቱ አርባ አንድ ደቂቃ ይላል። የባለ ልኳንዳው እህት ውሃ እያንጠባጠበች ደርሳ፣ ከቁርጭምጭሚቷ የሰዓት መቁጠሪያውን ማሰሪያ ፈትታ ወንድሟ እግር ላይ አሰረችለት። ሰውየው ብስክሌቱን እንደ በግ አንጠልጥሎ ሲሄድ ዞር ብሎ፣ "ጋሼ፣ ልብዎን ይያዙ! እጅዎን ደግሞ የበለጠ ይያዙ!" አለው።

አርባ አራት። አርባ አምስት። አምና በዚህ ሰዓት ከውሃ ወጥታ ነበር። ዘንድሮ ማዕበሉ ወደ ኋላ ይጎትታታል።

ዕቃውን አንድ በአንድ በዓይኑ ለቀመ። ጫማ አለ። ካልሲ አለ። ሄልሜት፣ መነጽር፣ ኮፍያ። ቀበቶው... ቀበቶው የት አለ? ያ ቁጥር ያለበት፣ እንደ እባብ የተዘረጋው? ዓይኑ ፎጣው ላይ ወጣ ወረደ። ከዚያ ገባው። ትንሽ ነገር በትልቅ ነገር ሆድ ውስጥ ይገባል። ቁጥሩን ያላሰረ ደግሞ ከበር አይወጣም።

አርባ ስድስት ከግማሽ ሲል ቢጫዋ ቆብ ከውሃው ወጣች። እየተንገዳገደች፣ በእጇ ቆቧን እየገፈፈች፣ በእርጥብ እግሯ ድንጋዩን እየፈራች ሮጠች። አራተኛው ረድፍ ጋ ስትደርስ አርባ ሰባት ከሃምሳ ነበር። ቀዩን ፎጣ በዓይኗ ፈለገችው። አገኘችው። ቆመች።

አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የቆመችው። ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ እጁ ወደ ኋላ የታሰረ፣ ቅንድቡን እንዳያንቀሳቅስ ፊቱን ያደረቀ፣ ጥጉ ላይ የቆመ ተማሪ የሚመስል ትልቅ ሰው።

"ኤጭ!" አለች።

ያቺን "ኤጭ" ያውቃታል። የበረንዳው ናት። ወዲያው እጆቿ ሥራ ጀመሩ። የጫማውን ቋጠሮ ፈልጋ አልፈተሸችም፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ሳብ አደረገችው፤ የልብስ ከረጢት የሚታሰርበት ቋጠሮ ነውና ብትን አለ። የካልሲውን ኳስ በመዳፏ ጨምቃ አንዴ ስታራግፈው ሁለት ካልሲ ሆነ። ጫማ ከማጥለቋ በፊት ሳታይ እጇን ውስጡ ከታ መነጽሯን አወጣች። ሄልሜቱን ቀጭ፣ ከፈተች፤ ራሷ ላይ ቀጭ፣ ዘጋች። ጋሽ ጠርዝ አፉን ከፍቶ አየ። ዓመት ሙሉ ማታ ማታ "ኤጭ!" ስትል የሰማው ምን እንደነበር አሁን ገባው፤ ይቺ ሴት የእሱን አስተጣጠፍ እንደ ደብዳቤ አድራሻ በቃሏ ይዛዋለች።

ብስክሌቷን ነቅላ ሦስት እርምጃ ሄደች። ወገቧን ዳበሰች። ቆመች።

አርባ ዘጠኝ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ። ዳኛዋ ከበሩ ሥር ዓይኗን አልነቀለችም። ጋሽ ጠርዝ ፎጣውን ላለማየት ሰማይ ሰማይ አየ፤ በግራ እጁ የቀኝ እጁን አንጓ እስኪያመው ጨምድዶ ያዘ፤ ምላሱን ነከሰ። "በይ፣ በይ፣ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው..." ልቡ ይጮሃል፤ ድምፁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ብስክሌቷን ዳሌዋ ላይ አስደግፋ ወደ ኋላ ተመለሰች። ፎጣውን አልዘረጋችም። ተንበርክካ የእጥፋቶቹን ጠርዝ በጣቷ ጫፍ፣ ፖስታ እንደሚቆጥር ሰው ዳሰሰች፤ "አንድ፣ ሁለት፣" አለችና እጇን እስከ አንጓዋ ሰደደች። የላስቲክ ቀበቶው ቁጥሩን አንጠልጥሎ ወጣ። ፎጣው ተበተነ። እየሮጠች ወገቧ ላይ አጠለቀችው፤ ዳኛዋ ሰዓቱን ታያለች፤ አርባ ዘጠኝ ከአርባ ስምንት፣ ከአርባ ዘጠኝ፣ ከሃምሳ... የፊት ጎማዋ መስመሩን አለፈ። ኮርቻዋ ላይ ስትወጣ ልክ ጥቅል ጭና ከፖስታ ቤቱ ደጅ እንደምትነሳው ነበር፤ አንድ ገፋ፣ አንድ ዝላይ፣ ሄደች።

ጋሽ ጠርዝ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ዳኛዋ በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለች።

"ቀበቶው እዚያ መሆኑን በምን አወቀች?"

"ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል" አለ።

ነፋሱ ግን አልተወውም። ፎጣው እንደተበተነ ተኝቷል፤ አንድ ጠርዙ ጭቃ ነክቷል፣ ሦስተኛው እጥፋት አፉን ከፍቷል፣ ላዩ ላይ እርጥብ ቢጫ ቆብ ተጨማዶ ተቀምጧል። ከሱ አጠገብ ለሩጫው የምትፈልጋት የፀሐይ ኮፍያዋ አለች። ነፋሱ ጫፉን ሲያነሳው የጋሽ ጠርዝ ጣቶች ተንቀሳቀሱ። አሁን ከነካው ምን ላይ እንደሚያቆም ለራሱም ዋስ መሆን አልቻለም። ተነሳና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሄዶ ቆመ፤ ሰደርያውን ግራና ቀኝ ገልጦ እንደ መጋረጃ ዘረጋው። ነፋሱ ዞር ሲል እሱም ዞር ይላል። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ እንዲህ ቆመ። ወገቡ ተንቋቋ። አንዱ ተወዳዳሪ ብስክሌቱን ሊሰቅል ሲገባ፣ "ምን እየሠሩ ነው አባባ?" አለው።

"አልሠራም" አለ ጋሽ ጠርዝ። "ምንም እየሠራሁ አይደለም። ይሄ ነው ሥራው።"

ፖስተኛዋ ፊቷ በአቧራና በላብ ተዥጎርጉሮ ተመለሰች። ብስክሌቷን ሰቀለች፣ ሄልሜቷን አወለቀች። ኮፍያዋን ለማንሳት ጎንበስ ስትል ፎጣውን አየችው፤ ልክ እሷ እንደተወችው። የባሏን የተገለጠ ሰደርያ አየች። ነፋሱን አየች።

"አልነካኸውም?"

"አልነካሁትም።"

መዳፏን ወደ ግንባሩ አቅንታ ሳታስነካው አየሩ ላይ አቆመችው። "አሞሃል እንዴ?" አለችው። ኮፍያዋን ደፍታ ሮጠች። ከዚህ በኋላ የሚዘጋ በር የለም፤ ያለው መንገድና እግሯ ብቻ ነው።

ሜዳው ጭር ሊል ሲል አንገቷ ላይ ሜዳሊያ አንጠልጥላ እያነከሰች ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ከመጨረሻው አራተኛ ሆናለች፤ ፊቷ ላይ ግን ከፊቷ ሰው የነበረ አይመስልም። ቀዩን ፎጣ አነሳችና አራገፈችው። አንዱን ጫፍ ለባሏ ዘረጋች።

"ያዝ።"

"ፈቅደሻል?"

"እጆችህ ጨዋ ሆነው ውለዋል። ያዝ አልኩህ።"

ያዘ። እሱ በዚያ ጫፍ፣ እሷ በዚህ ጫፍ። አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፤ እየተቀራረቡ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አቆመችውና ሜዳሊያውን ከአንገቷ አውልቃ እጥፋቱ ውስጥ ከተተችው። "እንዳይጠፋ" አለች። ከዚያ አራተኛውን አጥፋ ብብቷ ሥር ወሸቀችው።

ጠርዙ በሁለት ጣት ያህል አልገጠመም። ጋሽ ጠርዝ አየው። ደግሞ አየው።

"ምን ታያለህ?"

"ምንም።"

"ተናገር።"

"ምንም አልኩሽ። ጎበዝ ነሽ።"

ብስክሌቱን እሱ እየገፋ፣ እሷ በትከሻው እየተደገፈች በሩን አልፈው ወጡ። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ።